ትንሹን ባለ ሰንሰለት ትራክተር ከዝገት ማንሳት

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ከንግግሩ ሥር ዝቅ እያለ ይጠፋል]

አቅራቢ፦ ይህ በየሳምንቱ ስለ መሣሪያና ስለ እጅ ሥራ የምትከታተሉት የትምህርት ዝግጅት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አቅርቡ። የሌላችሁም አታስቡ፤ ዋና ዋናው ነጥብ ተደጋግሞ ይነሳል።

ዶዘር ያላየ አድማጭ ይኖር ይሆን? መንገድ ሲጠረግ ያ ግዙፍ ማሽን በብረት ሰንሰለቱ እየሄደ የአፈር ክምር ሲገፋ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። የዛሬው ርዕስ በዚያው ዓይነት ሰንሰለት ላይ የሚሄድ፣ ነገር ግን በጣም የሚያንስ ማሽን ነው። የሞተር ክዳኑ ከሰው ደረት ብዙም አያልፍም። በመኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ገብቶ በር ይዘጋበታል።

እነዚህ ትንንሽ ባለ ሰንሰለት ትራክተሮች ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ተሠርተዋል። ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ብዙዎቹ ማሽኖች አሁን በእርሻ ጓሮ፣ በጎተራ ጥግና በቁጥቋጦ ሥር ዝገው ይገኛሉ። እነሱን ገዝተው በትርፍ ጊዜያቸው፣ በገዛ ቤታቸው እንደገና የሚያስነሱ ሰዎች አሉ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሥራውን ከየት ይጀምራሉ? ብዙ ጀማሪ ከሞተሩ ወይም ከቀለሙ ይጀምራል። ልምድ ያለው ግን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ይህንን ያዙልን፦ መጀመሪያ መመርመር፣ ቀጥሎ ፈትቶ መጠገን፣ ቀለም በመጨረሻ። እንድገመው፦ መመርመር፣ ፈትቶ መጠገን፣ ቀለም በመጨረሻ።

[ሙዚቃ፣ አምስት ሴኮንድ]

አቅራቢ፦ ለመሆኑ ጎማ እያለ ሰንሰለት ለምን አስፈለገ?

ጎማ መሬቱን የሚነካው በጠባብ ቦታ ነው፤ የትራክተሩ ክብደት ሁሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል። ሰንሰለት ግን ክብደቱን በረጅም ገጽ ላይ ያከፋፍለዋል። ስለዚህ ጭቃ ላይ ቶሎ አይሰምጥም፤ ልቅ አፈር ላይ ባዶውን አይሽከረከርም፤ የታረሰውንም መሬት እንደ ጎማ አይጠቀጥቀውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያኪማ የሚባል በአፕል እርሻው የታወቀ ሸለቆ አለ። ብዙው የፍራፍሬ ቦታ ተዳፋት ነው። ገበሬዎቹ በቅርንጫፎች ሥር ዝቅ ብሎ የሚያልፍ፣ በተዳፋቱም ላይ የማይንሸራተት ትራክተር ፈለጉ። በዚያው የነበሩት የሊንደማን ወንድማማቾች የጆን ዲር ኩባንያን የፍራፍሬ ትራክተር ወስደው ጎማውን አወለቁና በምትኩ ሰንሰለት ገጠሙለት። ነገሩ ስለሠራ ጆን ዲር የወንድማማቾቹን ድርጅት ገዛው። በ1949 ደግሞ ኤም ሲ የተባለውን የራሱን ትንሽ ባለ ሰንሰለት ትራክተር አወጣ።

በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ፍላጎት ነበር። በኢፕስዊች ከተማ የሚገኘው የራንሰምስ ፋብሪካ በ1936 ኤም ጂ 2 የተባለ ትንሽ ማሽን ለአትክልተኞች አቀረበ። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነበር። የሰንሰለቱ መጋጠሚያዎች ደግሞ ጎማ ስለነበሩ ግራሶ አይፈልጉም፤ አሸዋም እየገባ አይበላቸውም።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አቅራቢ፦ ለዛሬው ትምህርት አንድ ማሽን መርጠናል። ስሙ ኤች ጂ ነው፤ የክሌትራክ ኤች ጂ፣ በኋላም የኦሊቨር ኤች ጂ ይባላል። ለምን እሱን? በብዛት ስለተሠራና ዛሬም እየተገዛ የሚጠገን ስለሆነ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። ሮሊን ኋይት የተባለ መሐንዲስ በ1916 የትራክተር ኩባንያ አቋቋመ። ቤተሰቡ በልብስ ስፌት መኪናና በእንፋሎት አውቶሞቢል የታወቀ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የኩባንያው ትራክተሮች ክሌትራክ በሚል ስም ይሸጡ ጀመር።

ኤች ጂ በ1939 ለገበያ ቀረበ። በ1944 ኦሊቨር የተባለው የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ ክሌትራክን ጠቀለለው፤ ትራክተሩም እስከ 1951 ድረስ መመረቱን ቀጠለ። ከዚያ ተከታዮቹ ሞዴሎች መጡ። በ1960 ኦሊቨርን የገዛው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? የዚያው የኋይት ቤተሰብ ስም ያለበት ኋይት ሞተር ኩባንያ ነው። የኦሊቨር ባለ ሰንሰለት ትራክተሮች ምርት በ1965 አበቃ።

ይህ ታሪክ ለጥገና ምን ይረዳል? በጣም ይረዳል። የማሽኑ ዓመት ካልታወቀ ትክክለኛው መለዋወጫ አይገኝም። ለምሳሌ ኤች ጂ ከሚለው ስም ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ከግራው ሰንሰለት መሐል እስከ ቀኙ ሰንሰለት መሐል ያለውን ስፋት በኢንች ይነግራል። ኤች ጂ 42 ካለ ስፋቱ 42 ኢንች ነው፤ አንድ ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል። ኤች ጂ 68 ካለ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ሞተር ቢኖራቸውም የእግራቸው፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚይዘው ክፍል፣ አንዳንድ ዕቃዎች አይለዋወጡም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኩባንያው በጎማ ሰንሰለት የሚሄድ ኤች ጂ ሞክሮ ነበር። ጎማው እየተለጠጠ ስላስቸገረ ኩባንያው ማሽኖቹን መልሶ በብረት ሰንሰለት ቀየራቸው። ዛሬ የብረት ሰንሰለት ያለው ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲሁ ነበር ማለት አይደለም። ስለዚህ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ታርጋ መጀመሪያ ይነበባል፣ በፎቶ ይያዛል፣ ቁጥሩም በወረቀት ይመዘገባል። በአዮዋ ግዛት፣ በቻርልስ ሲቲ የሚገኘው የፍሎይድ ካውንቲ የታሪክ ሙዚየም ስለ ኦሊቨር ትራክተሮች የቆዩ መዛግብት ይዟል። ባለቤቶች የማሽናቸውን ታሪክ እንዲህ ካሉ ቦታዎች ያጣራሉ።

[የብረት መዶሻ ድምፅ፤ ሦስት ጊዜ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ መጀመሪያው ደረጃ እንምጣ፤ ወደ ምርመራ። ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ምን ይታያል?

አንደኛ፣ ሰንሰለቱና የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ። ጥርሶቹ ጫፋቸው ዶልዶም ያለና ሰፊ ከሆነ ገና ዕድሜ አላቸው። ሾጥጠው ወይም ወደ አንድ ጎን ተቆልምመው ከሆነ ተበልተዋል። በሰንሰለት በሚሄዱ ማሽኖች ላይ ከጥገናው ወጪ ግማሽ ያህሉ ወደዚህ የእግር ክፍል እንደሚሄድ በሙያው ውስጥ ይነገራል። ሞተሩ ጥሩ፣ እግሩ ያለቀ ትራክተር ርካሽ መስሎ ውድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ በእጅ ይዞራል ወይ? ካንዴላዎቹ ይፈቱና በማዞሪያው ብረት ቀስ ተብሎ ይሞከራል። ከዞረ ደስ ይላል። ካልዞረም ተስፋ አይቆረጥም፤ ዋጋው ግን ያንን ማሳየት አለበት።

ሦስተኛ፣ ውኃ። ለዓመታት በዝናብ የቆመ ማሽን በማርሽ ዘንጉና በመቀመጫው ሥር ውኃ ያስገባል። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል። የካምቢዮው የማፍሰሻ ቡሎን በጥቂቱ ሲላላ ቀድሞ የሚወጣው ምንድን ነው? ዘይት ከሆነ መልካም ነው። ውኃ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ያ ውኃ ቀዝቅዞ ሲጠጥር ስለሚሰፋ የብረቱን ቤት ሰንጥቆት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ የጎደለ ነገር። የተሰበረ ዕቃ በእጅ አለ፤ ለቶርኖ ቤት ይሰጣል፣ ይበየዳል፣ ወይም እሱን አይቶ ሌላ ይሠራል። የጠፋ ዕቃ ግን ቅርጹም አይታወቅም። ስለዚህ የጎደለ ማሽን ከተሰበረ ማሽን የበለጠ ያደክማል።

እንድገመው፦ ሰንሰለትና ጥርስ፣ የሞተሩ መዞር፣ ውኃ፣ የጎደለ ዕቃ። አራቱን ሳያይ ማንም አይግዛ።

[ሙዚቃ፣ አምስት ሴኮንድ]

አቅራቢ፦ ማሽኑ ቤት ገብቷል እንበል። መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ስለ ደኅንነት እንነጋገር፤ ይህ ክፍል የማይዘለል ነው።

ኤች ጂ ትንሽ ቢባልም ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል ያህል ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ማሽኑ በክሪክ ከተነሳ በኋላ በወፍራም እንጨት ወይም ለዚሁ በተሠራ የብረት መደገፊያ ላይ ማረፍ አለበት። ለቤት ግንባታ የሚውለው ባዶ ሆድ ብሎኬትስ? በፍጹም! ድንገት ይፈረካከሳል። በክሪክ ብቻ በቆመ ማሽን ሥር ማንም እንዳይገባ።

ሁለተኛው አደጋ የሰንሰለቱ መወጠሪያ ሞላ ነው። ሰንሰለቱ ከፊት የሚዞርበትን የብረት ጎማ ወደፊት የሚገፋው ይህ ወፍራም ሞላ ተጨንቆ የተቀመጠ ነው። ያለ ትክክለኛው መያዣ ከተፈታ ሰውን ለመግደል በሚበቃ ኃይል ይወረወራል። የጥገና መጽሐፉ የሚያዘውን መሣሪያ የሌለው ሰው ይህንን ክፍል ላለው ባለሙያ ይስጥ።

ሦስተኛው አደጋ በዓይን አይታይም። የዚያ ዘመን የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በአየር መንፊያ አይነፋም፤ በደረቁ አይጠረግም። ይረጥባል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁም በከረጢት ታሽጎ ይወገዳል። አሮጌው ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ሲፋቅ ማስክ ይደረጋል፤ ልጆች ከአካባቢው ይርቃሉ።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አቅራቢ፦ አሁን መፍታት ይጀመራል። መፍታት ቀላል ነው፤ ከባዱ ከብዙ ወራት በኋላ መልሶ መግጠም ነው። ያን ጊዜ የቱ ቡሎን የት እንደነበር ማን ያስታውሳል?

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመፈታቱ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ይነሳል። ቡሎኑና ዳዶው ከወጣበት ክፍል ስም ጋር በአንድ ከረጢት ወይም ጣሳ ይገባል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመነቀሉ በፊት ሥዕሉ በወረቀት ላይ ይነደፋል። ያረጀ ጓርኒሲዮንም ወዲያው አይጣልም፤ አዲሱን ለመቁረጥ እንደ ልክ ያገለግላል።

የዛገ ቡሎን አልፈታ ሲል ጉልበት መጨመር ብዙ ጊዜ ይሰብረዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተረጭቶ ያድራል። ከዚያ ዙሪያው በእሳት ይሞቃል፤ ብረቱ ሲሰፋ ዝገቱ ይለቃል። ወደፊትና ወደኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየተነቃነቀ ይወጣል። እሳት የሚነሳው ግን የነዳጅ ታንኩ ወጥቶ ከክፍሉ ከራቀና የተረጨው ዘይት ከተጠረገ በኋላ ብቻ ነው።

[ሞተር ለመነሳት ሲሞክር የሚሰማ ድምፅ]

አቅራቢ፦ ወደ ሞተሩ እንሂድ። የኤች ጂ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ነው። የሠራው በኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ የነበረው ሄርኩለስ ኩባንያ ነው። ይዘቱ ሁለት ሊትር አካባቢ ይሆናል። ቫልቮላዎቹ በቴስታታው ውስጥ አይደሉም፤ ከሲሊንደሮቹ ጎን፣ በብሎኩ ውስጥ ቆመዋል። ይህ ለጀማሪ መልካም ዜና ነው። ቴስታታው ሲነሳ ፒስተኑም ቫልቮላውም በአንድ ጊዜ ይታያሉ።

ሞተር ሳይሠራ ሲቆም ለምን ይነክሳል? ዋናው ምክንያት ውኃ ነው። ብዙ ትራክተሮች የጭስ ማውጫቸው ወደ ሰማይ የቆመ ነው፤ ክዳን ከሌለው ዝናቡ በቀጥታ ይወርዳል። ቫልቮላው ክፍት ሆኖ በቆመው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ የፒስተኑ ፋሻም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይጣበቃል።

የነከሰ ሞተር እንዴት ይለቃል? በትዕግሥት። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ በየቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይንቆረቆራል፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይተዋል። ከዚያ ሞተሩ በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ይሞከራል። አንድ ጣት ያህል ከተንቀሳቀሰ መልካም ምልክት ነው፤ ዘይቱ ተጨምሮ እንደገና ይጠበቃል።

የማይደረገውስ? ማሽኑን በማርሽ አድርጎ በሌላ መኪና መጎተት። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። ውጤቱ የተጣመመ የፒስተን ክንድ ወይም የተሰበረ ፋሻ ነው። አደራ፣ የነከሰ ሞተር በጉተታ አይፈታም!

ከለቀቀ በኋላ ሁለት ነገር ይታያል፤ ብልጭታና ነዳጅ። የፑንቲናው ጫፍ ለዓመታት ሲቆም ስለሚዝግ ይጸዳል፤ ክፍተቱም በመጽሐፉ ልክ ይስተካከላል። ካርብራቶሩ ይፈታል፤ ያረጀ ቤንዚን የተወውን ሙጫ የመሰለ ቅሪት ለማስወገድ ጠባብ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይታጠባሉ። የነዳጅ ታንኩ ውስጡ ካልጸዳ ግን የካርብራቶሩ ሥራ ከንቱ ነው፤ ዝገቱ በማግሥቱ ተመልሶ ይዘጋዋል።

ይህ ዘዴ ለትራክተር ብቻ አይደለም። በገጠር ቆሞ የቀረ የወፍጮ ሞተር ወይም የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ያላችሁ አድማጮች፣ የነከሰ ፒስተንን የማላቀቁ ሥራ ለእናንተም ይሆናል።

[ሙዚቃ፣ አምስት ሴኮንድ]

አቅራቢ፦ ሞተሩ ተነሳ እንበል። አሁን ማሽኑን ከሌሎች ትራክተሮች ወደሚለየው ክፍል ደርሰናል፤ ወደ እግሩ።

የብረት ሰንሰለት በፒንና በቦኮላ ተያይዞ የተሠራ ነው። ፒኑ በቦኮላው ውስጥ ይዞራል፤ በመካከላቸው አሸዋ ሲገባ ሁለቱም ይበላሉ። ሰንሰለቱ ረዘመ የሚባለው በዚህ ነው። ብረቱ ተስቦ አይደለም፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ጥቂት ተበልቶ ድምሩ ስለሚበዛ ነው።

ታዲያ ያረጀ ሰንሰለት ሁሉ ይጣላል? አይጣልም። ፒኑና ቦኮላው የሚበሉት በአንድ ጎናቸው ነው። በትልቅ ፕሬስ ተገፍተው ከወጡ በኋላ ግማሽ ዙር ዞረው ሲገቡ ያልተበላው ጎን ሥራውን ይረከባል። ጥርሳሞቹ ጎማዎችም አሠራራቸው ከፈቀደ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይዛወራል። ይህ በትልልቅ ዶዘሮችም የሚሠራበት የቆየ ዘዴ ነው። ፕሬሱ ግን የብዙ ቶን ጉልበት ስለሚጠይቅ ለዚህ ወደ ወርክሾፕ መሄድ ይሻላል።

ከሰንሰለቱ ሥር ያሉት ሮለሮችም አይረሱ። እያንዳንዱ በእጅ ይዞራል፤ ይወዛወዛል ወይ ተብሎ ይሞከራል፤ ዘይት የሚያፈስስ ከሆነ ፓራሊዮው ይለወጣል።

ውጥረቱስ? በጣም የተወጠረ ሰንሰለት ፒኑን፣ ጥርሱንና ኩሽኔታውን ቶሎ ይበላል፤ የሞተሩንም ጉልበት ይሰርቃል። በጣም የላላ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ይወልቃል። በላይኛው በኩል ጥቂት መርገብ አለበት። ልኩን የሚናገረው የየማሽኑ መጽሐፍ ነው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አቅራቢ፦ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። መሪ የሌለው ትራክተር እንዴት ይታጠፋል?

በጆን ዲር ኤም ሲና በብዙ ሌሎች ማሽኖች ላይ እያንዳንዱ ሰንሰለት የራሱ ፍሪሲዮንና ፍሬን አለው። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራው ፍሪሲዮን ይለቀቃል፤ ያ ሰንሰለት ኃይል ያጣል፤ የቀኙ ብቻ ይገፋል። ጠበቅ ላለ መታጠፊያ ፍሬን ይጨመራል። እነዚህ ማሽኖች በዝናብ ሲቆሙ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች እርስ በርስ በዝገት ይጣበቃሉ። ማንሻው ይሳባል፤ ማሽኑ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የሮሊን ኋይት መንገድ ሌላ ነው። ክሌትራክ ሲታጠፍ ሁለቱም ሰንሰለቶች ኃይል አላቸው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን አስቡ። ገበሬው ሲያዞራቸው የውስጠኛው እርምጃውን ያሳጥራል፣ የውጭኛው ያስረዝማል፤ አንዱም ግን መሳቡን አይተውም። በክሌትራክ ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይህንኑ ያደርጋሉ። ማንሻው ሲሳብ በዘይት ውስጥ ያለ የፍሬን ቀበቶ አንዱን ከበሮ ይይዛል፤ በዚያ በኩል ያለው ሰንሰለት ይዘገያል፣ ሌላኛው ይፈጥናል።

ጉዳቱም አለ፤ አንዱ ሰንሰለት ጨርሶ ስለማይቆም በቆመበት መሽከርከር አይችልም። ጥቅሙ ግን ጭነት እየሳበ መታጠፉ ነው። ይህ አሠራር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካው ሸርማን ታንክ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

ለጠጋኙ ይህ ምን ማለት ነው? የፍሬን ቀበቶዎቹ ዘይት ውስጥ ስለሚሠሩ የዘይቱ ንጽሕና ወሳኝ ነው። አሮጌው ዘይት ፈስሶ ቤቱ ይታጠባል። የቀበቶው ሸራ ይታያል፤ ካለቀ ይለወጣል። ከዚያ ይስተካከላል፦ በጣም ከጠበቀ ሳይሳብ ይይዛል፣ ይሞቃል፤ ከላላ ማንሻው እስከ መጨረሻው ተስቦም ማሽኑ አይታጠፍም።

[ሙዚቃ፣ አምስት ሴኮንድ]

አቅራቢ፦ ቀለም በመጨረሻ ብለናል። ለምን በመጨረሻ? ሞተሩ ሳይነሳ፣ የሚያፈስሰው ቦታ ሳይታወቅ የተቀባ ማሽን እንደገና ይፈታል፤ ቀለሙም በመፍቻ ይላጣል። ዘይት ባለበት ብረት ላይ ደግሞ ቀለም አይይዝም።

መጀመሪያ የዓመታት ግራሶና ጭቃ በብረት መፋቂያ ይነሳል፤ ከዚያ በነጭ ጋዝ ይታጠባል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይወገዳል። በአሸዋ መርጨት ፈጣን ቢሆንም ኩሽኔታና ጥርስ ያለበት ክፍል ላይ አይደረግም፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ኩሽኔታ ታበላሻለች።

ለትንንሽ ዕቃዎች ሌላ ዘዴ አለ። በፕላስቲክ በርሜል ውኃ ውስጥ ሶድየም ካርቦኔት፣ ማለትም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል። የዛገው ዕቃ በባትሪ መሙያው ኔጌቲቭ ሽቦ፣ አንድ የማይፈለግ ተራ ብረት ደግሞ በፖዘቲቩ ይታሰራል፤ ሁለቱ ሳይነካኩ ውኃው ውስጥ ይገባሉ። መሙያው ሲበራ ዝገቱ እየለቀቀ ይሄዳል። ሦስት ማስጠንቀቂያ ስሙ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈነዳል። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት አይታሰር፤ መርዛማ የክሮም ውሕድ ይፈጥራል። አሉሚኒየም ዕቃም እዚያ አይግባ፤ ይበላል።

የቀለሙ ዓይነትስ ከየት ይታወቃል? ከማሽኑ ከራሱ። ፀሐይና ዝናብ ያልደረሰበት ቦታ፣ ለምሳሌ የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ወይም የመቀመጫው ሥር፣ የፋብሪካውን ቀለም ይዞ ይቆያል። የመለያ ቁጥሩ ታርጋ ግን አይቀባም፤ ይሸፈናል።

[የሚሠራ ሞተር ድምፅ ከሩቅ፣ ከዚያ ይጠፋል]

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ጉዞ ደረሰ። ሞተሩ የሚነሳው ከጋራዡ ውጭ ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጣል። የዘይት ግፊት መለኪያው ወዲያው ካልተነሳ ሞተሩ ይጠፋል። ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱ ተለውጦ ከውስጥ የታጠበው ቆሻሻ ይወጣል።

እነዚህ አሮጌ ማሽኖች ሲገለበጡ ሹፌሩን የሚከላከል ብረት የላቸውም። በተዳፋት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ይነዳሉ፤ ሌላ ሰው አይጫንባቸውም። መኪና ላይ ሲጫኑም የብረት ሰንሰለት በብረት መወጣጫ ላይ እንደ ሳሙና ስለሚንሸራተት እንጨት ይነጠፋል።

በፍሪሲዮን የሚታጠፍ ማሽን የምትነዱ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በቁልቁለት ማሽኑን የሚይዘው ሞተሩ ነው። የግራው ፍሪሲዮን ብቻ ሲለቀቅ ያ ሰንሰለት ነፃ ሆኖ ይሮጣል፤ ማሽኑም ወደ ግራ በመዞር ፈንታ ወደ ቀኝ ይዞራል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ማሽኑን ሳታውቁት ቁልቁለት አትውረዱ።

[ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይጀምራል]

አቅራቢ፦ የዛሬውን እናጠቃልል። መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ምርመራ፦ ሰንሰለቱ፣ የሞተሩ መዞር፣ ውኃው፣ የጎደለው ዕቃ። ቀጥሎስ? በፎቶና በከረጢት እየመዘገቡ ፈትቶ መጠገን፤ ማሽኑ በእንጨት እንጂ በክሪክ ሳይቆም፣ የፍሬኑ አቧራ ሳይነፋ፣ የነከሰው ሞተር ሳይጎተት። ቀለምስ? በመጨረሻ።

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ነገር አደራ እንላለን። በግቢያችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ ጓሮ የቆመ ትራክተር፣ የወፍጮ ሞተር ወይም ጄኔሬተር ካለ፣ ሊጠገን የታሰበም ያልታሰበም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ሂዱና የጭስ ማውጫውን አፍ ተመልከቱ። ክፍት ከሆነ በቆርቆሮ ጣሳ ሸፍኑት። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ጣሳውን ማንሳት አትርሱ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]